በሰደፉ ላይ የጻፍኩት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ማይክ ይዤ ብዙ ጊዜ መስክሬአለሁ፤ ከበሽታ ስለ መዳኔ፣ በረዶ ላይ መኪናዬ ተገልብጣ ስለ መትረፌ። ይህን ግን አልመሰከርኩም። እኛ ጴንጤዎቹ የንስሐ አባት የለንም፤ በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንናገራለን። እኔ ለእሱም ቢሆን አፌን ሞልቼ አልነገርኩትም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ሰምታችሁ ብትጸየፉኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ሥራዬ የማሞቂያ ጥገና ነው። ሱሴ ደግሞ የድሮ የአሜሪካ ጦር መሣሪያ መሰብሰብ። ጠመንጃ፣ ሳንጃ፣ የጥይት ሣጥን፣ የወታደር ኮዳ፣ ምኑ ቅጡ። ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ ከተማ ባለው አፓርትመንቴ አንዱ መኝታ ቤት የእነሱ ነው። ጋን ሾው፣ የጠመንጃ ገበያ፣ ሲኖር ጠረጴዛ ተከራይቼ እዘረጋቸዋለሁ። የጠረጴዛ ጎረቤቶቼ ነጮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ለጠመንጃው ታሪክ አለው። አያቴ ይህን ይዞ ነው ፈረንሳይ የገባው ይላል አንዱ፤ ሰው ከቦ ያዳምጠዋል። እኔ ጋ ሲደርሱ ዕቃውን ትተው እኔን ያያሉ። ከየት ነው የመጣኸው? እንዴት በዚህ ነገር ገባህ? ይሉና ያልፋሉ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ቅናት ነው። እኔም የራሴ ታሪክ ያለው አንድ ጠመንጃ አማረኝ።

እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያናችን ትልልቅ እናቶች አንዷ ናቸው። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ስንበላ ስለ አባታቸው ነገሩኝ። ወታደር ጥላዬ በዳዳ ይባሉ ነበር። ኮሪያ ዘምተው በደህና ተመለሱና፣ እትዬ አስካለ ገና ድክ ድክ ሲሉ አባትየውን ወባ ገደላቸው። ፎቶ አልቀረ፣ ደብዳቤ አልቀረ። የቀረው ከኮሪያ ታጥቀውት የመጡት የጥይት ዝናር ብቻ ነው፤ እናታቸው በችግር ጊዜ እንጨት ያስሩበት የነበረ፣ ጠርዙ የተበላ የሸራ ዝናር። እትዬ አስካለ እሱን በሻንጣቸው ይዘው ሚኒሶታ ድረስ መጥተዋል። አባቴ የያዘው ጠመንጃ ኤም ዋን ነው ይላሉ፣ ታውቀዋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዴት አላውቀው! ቤቴ ሁለት አለኝ።

ማንም አላስገደደኝም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረንዳዬ ላይ መዝሙር ከፍቼ ተቀመጥኩ። የአንዱን ኤም ዋን ሰደፍ ፈታሁና ጭኔ ላይ አስተኛሁት። በትንሽ መሮ «ጥላዬ በዳዳ፣ ኮሪያ» ብዬ ቀረጽኩበት። ኢትዮጵያውያኑን ኮሪያ ላይ ያስታጠቀው አሜሪካ ነው፤ ስለዚህ ውሸቴ እንደሚያስኬድ አውቃለሁ። አዲስ የተፋቀ እንጨት ነጭ ሆኖ ያሳብቃል። እናም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከባርቤኪው አመድ ጋር ለወስኩ፤ ሲደርቅብኝ ምራቄን ተፋሁበት፤ በመዳፌ እያሸሁ ፊደሎቹ ውስጥ ሞላሁት። ሲያልቅ ራቅ አድርጌ አየሁትና ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ነው ያለኝ። የሞተን ሰው ስም ሰርቆ በምራቅ እያሸ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

በሾው ቀን ጠረጴዛዬ ተከበበ። እኔም ይህን ጠመንጃ የያዘው የአገሬ ሰው ነው እያልኩ አወራሁ፣ አወራሁ። ፊደሉን የሚያነብ እዚያ ማን ይመጣል ብዬ ነበር። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግን ለአደን ጥይት ሊገዛ መጥቶ አየው፤ አነበበው፤ ፎቶ አንስቶ ለእትዬ አስካለ ላከላቸው።

በማግስቱ ልጃቸው ከዉድበሪ ድራይቭ አድርጋ አመጣቻቸው። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገቡ። ሰደፉን ከጠመንጃው ፈትቼ ሳቀብላቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«የእሱ ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ መዳን እችል ነበር። አይደለም፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ይቅር ይበሉኝ ማለት ምን ነበረበት? እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንግዲህ ስሙ ይኸው» አልኳቸው። እሳቸው ጎንበስ አሉና ፊደሉን ሳሙት። ደጋግመው ሳሙት። ቀና ሲሉ ጥቁሩ ከንፈራቸው ላይ ቀርቷል፤ የእኔ ዘይት፣ የእኔ ምራቅ። ሶፍት ሰጠኋቸው። ቱ! ሶፍት ሰጠኋቸው!

ሰደፉን ይውሰዱት አልኩ፤ ለጋስ መስዬ። በሚቀጥለው እሑድ እትዬ አስካለ መድረክ ላይ ወጥተው መሰከሩ። አባቴን በመልክ አላውቀውም፣ ጌታ ግን የእጁን ጽሑፍ አሳየኝ አሉ። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። ፓስተሩ እኔን ከመቀመጫዬ ጠርተው አጠገባቸው አቆሙኝ፤ ተጨበጨበልኝ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ክብር ለጌታ ይሁን አልኩ። በእግዚአብሔር ስም አጨበጨቡልኝ እኮ! ከዚያ ስወርድ እትዬ አስካለ ዝናሩን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። እኔ የእጁን ጽሑፍ አግኝቻለሁ፣ ይኼ የሚገባው ለአንተ ነው አሉኝ። ተቀበልኩ። እቤት ገብቼ ሳየው እውነተኛ ነው፤ ማኅተሙ፣ ስፌቱ፣ ላቡ የጠጣው ቦታ። በእጄ ከገቡት ዕቃዎች ሁሉ እውነተኛው እሱ ነበር።

እሱንስ ምን አደረግኩት? በበልግ ሾው ለአንድ ሰውዬ ሰጥቼ በምትኩ ሳንጃ ወሰድኩ። ታሪኩን ልነግረው ስጀምር ሰውየው አልሰማኝም፤ ዝናሩን ጠቅልሎ ቦርሳው ከተተና ሄደ። ስሙን አልጠየቅኩትም።

ዘንድሮ እትዬ አስካለ ታመሙ። ኒው ሆፕ ባለ ናርሲንግ ሆም ተኝተዋል፤ ሰደፉ ራስጌያቸው ተሰቅሏል። ልጠይቃቸው ስሄድ አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ከአባቴ ስም ሥር የእኔንም ጻፍልኝ አሉ፤ ስሞት ከእኔ ጋር ይቀበር አሉ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። መሮዬን ይዤ ሄድኩና አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ መቅረጽ ጀመርኩ። ትራሳቸውን ደገፍ ብለው እጄን ያያሉ። «አስካለ ጥላዬ» ብዬ ስጨርስ ብናኙን በምራቄ አርሼ በአውራ ጣቴ ጠረግኩት፤ ልማድ ነው። ተቀበሉኝ። ጣታቸውን በላይኛው ስም አሳለፉ፤ በታችኛው አሳለፉ። ደግመው የላይኛውን ዳሰሱ። አሁን የጻፍኩት «ጥላዬ» እና በላይ ያለው «ጥላዬ» የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ነበር።

«አንተ ነህ የጻፍከው» አሉኝ።

እትዬ አስካለ አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። ሰደፉን ከላያቸው ገፍተው ብርድ ልብሱ ላይ ተዉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«የአባቴን ዝናር አምጣልኝ። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ! ሰውየውን በየሾው ፈለግኩት፤ ጠየቅኩ፤ የለም። በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ያንኑ የመሰለ፣ የዚያው ዘመን ዝናር አገኘሁና አዘዝኩ። ትናንት መጣ። ስገላልጠው አዲስ የሚመስል፣ ማንም ያልታጠቀው ነው። ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ፣ የተበላ እንዲመስል ጠርዙን ከሲሚንቶው ጋር ሳሽ ራሴን አገኘሁት። ክሩ ተመዞ ነበር። ሮጬ ገብቼ አስመለስኩ። ከዚያ አፌን ተጉመጥምጬ ተመልሼ ወጣሁና ማሸቴን ቀጠልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከአንድ ሰዓት በፊት ልጃቸው ቴክስት አደረገችልኝ። እማዬ ደክማለች፣ ዝናሩን እየጠየቀች ነው ትላለች።

አግኝቼዋለሁ ብዬ መለስኩላት።