ቢላዬን ያስቀማኝ ሙቀት

ሐይቅ ከተማ፣ ዓሣ ማዘጋጃ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቢላ አልተሰጠኝም። ኃላፊያችን ጋሽ ይማም የቅርፊት መፋቂያ ብረት አስጨብጠውኝ፣ "ቢላ የሚይዝ እጅ አይንቀጠቀጥም። ያንቺን እናየዋለን" አሉኝ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስፍቅ ውዬ ማታ ከፀጉሬ ውስጥ ሳይቀር ቅርፊት ለቀምኩ።

ሥራው ደረጃ አለው። ጀማሪ ቅርፊት ትፍቃለች፤ ቀጥላ ሆድ ቀዳ አንጀት ታወጣለች፤ እጇ ሲታመን ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ ፊሌቶ ታወጣለች። እኔ ፊሌቶ ላይ ስደርስ ልጆቼ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ቢላዬን በሞረድ የምስለው ራሴ ነኝ፤ ሌላ ሰው ከነካብኝ ቤቴ ሌባ የገባ ያህል እቆጣለሁ።

አርባ ሳይሞላኝ ሆዴ አበጠ፤ ዕጢ ነው ተባልኩ። ደሴ ሄጄ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ፤ ማህፀኔም ሁለቱ የእንቁላል ማምረቻዎቼም ወጡ። ዕጢው ክፉ አይደለም ሲሉኝ "አልሐምዱሊላህ" ብዬ ወጣሁ። ሌላ ነገር ነግረውኝም ከሆነ አልሰማሁም።

ቁስሌ ድኖ ሥራ ስመለስ ጉዱ መጣ። ቢላ ይዤ ሳለሁ ከደረቴ ወላፈን ተነስቶ ፊቴን ይለበልበዋል፤ ላብ በላብ እሆናለሁ፤ ልቤ ይደልቃል። ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። እንቅልፍ ጠፋ። ሰው ሲያናግረኝ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እሳደባለሁ። ዕጢው ተመልሷል አልኩ። ክፉ አይደለም ያሉኝም ሊያጽናኑኝ ነው አልኩ። ልጆቼ ሲበሉ እያየሁ፣ እኔ ከሞትኩ ማን ያበላቸዋል እያልኩ እፈራ ነበር። ለባሌም አልነገርኩትም።

አማቴ ፍርዳቸውን ሰጡ። "ቀትር ላይ ውሃ ዳር ደም እያፈሰስሽ! ወላሂ ጅኒ ነው የመታሽ፤ ቢስሚላህ ሳትይ ነው እጣቢውን የደፋሽው።" ሳቅኩባቸው። በማግስቱ ግን እጣቢ ስደፋ ደጋግሜ ቢስሚላህ አልኩ።

አንድ ቀን ፊሌቶ እያወጣሁ ወላፈኑ መጣ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ቢላው ጓንቴን ቀደደው። ጥዬው ሮጥኩና ፍሪዘሩን ከፍቼ ጭንቅላቴን በረዶው ላይ ደፋሁ። ቀና ስል ጋሽ ይማም ቆመዋል።

"ሰዓዳ፣ አንቺም ከዓሣው ጋር ልትጫኚ ነው?"

ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ቢላዬን አነሱ። "ምን እንደሆንሽ ሳታውቂ ይሄን አትይዢም። ሐኪም ጋ ሂጂ።"

"ጋሼ፣ ዕጢው ተመልሷል ቢሉኝስ?"

"አብሽሪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?"

ጤና ጣቢያው በር ደርሼ ተመለስኩ። ፍርዱን ከመስማት ጅኒው ይሻለኛል አልኩ። ደግሞ ቢላ የሌለው እጄን ሳየው ተመልሼ ገባሁ።

ሲስተሯ የደሴውን ወረቀት አይታ፣ "እንቁላል ማምረቻሽ እንደወጣ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አዎ፤ እንግዲህ እንቁላል ምን ያደርግልኛል? ወልጃለሁ።"

"እንቁላል ብቻ መሰለሽ? ለሰውነትሽ ሙቀት፣ ለእንቅልፍሽ፣ ለአጥንትሽ የሚሆን ሆርሞን የሚያመነጨው እሱ ነበር። ሌላዋ ሴት በዓመታት ቀስ ብላ ታርጣለች፤ አንቺ በአንድ ቀን አረጥሽ። ሰውነትሽ ደንግጦ ነው።"

በየቀኑ ከዓሣ ሆድ እንቁላል እያወጣሁ ባልዲ ውስጥ የምጥል ሴት፣ የራሴ ምን ሲሠራ እንደኖረ ጠይቄ አላውቅም።

ደሴ መልሳ ላከችኝ። መርምረው ውጤቱን ነገሩኝ። ዕጢው አልተመለሰም። ዶክተሩ ለኔ የሚስማማ የሆርሞን ኪኒን አዘዘልኝ፤ "ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ ለጎረቤት እንዳታካፍዪ" አለኝ። ለአጥንቴ በእግሬ እንድሄድ፣ ስስ የጥጥ ልብስ እንድለብስ ነገረኝ። ለባሌም ያን ቀን ነገርኩት፤ "እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ሥራ ስመለስ ጋሽ ይማም ቢላዬን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። ራሳቸው ስለውት ነበር። አልተቆጣሁም።

ወላፈኑ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። ፍርሃቱም አብሮት ይመጣል፣ አልዋሽም። ቢላውን አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ያልፋል። ከሆዳችሁ አንድ ነገር ሊወጣ ሲሆን ምን እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ፤ ምን ሲሠራ እንደነበረም ጠይቁ።