አሠሪዬን አጅቤ ሆይ አን

በስደት በምንኖርበት ከተማ የኤግሊንተን መንገድ ለባቡር ሲቆፈር የልብስ ስፌት ሱቃችን ደጃፍ በአጥር ተከለለ፤ ደንበኛም ጠፋ። ከጠዋት እስከ ማታ ስንሰፋ እንውል የነበርን ሰዎች የቁፋሮ ድምፅ እያዳመጥን ሻይ መጠጣት ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን አሠሪዬ መቀሳቸውን አስቀመጡና፣ «አጥር ከምናይ ለምን አገሬን አናይም?» አሉኝ።

አሠሪዬ ቬትናማዊት ናቸው። ልጅ ሆነው ከወላጆቻቸው ጋር በጀልባ ከወጡ ወዲህ ሆይ አን የምትባለውን የትውልድ ከተማቸውን አላዩም። ባለቤታቸው አውሮፕላን ይፈራሉ፤ ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። አጃቢነቱ ለእኔ ደረሰ።

በረራውን ሙሉ፣ «አሮጌውን ሰፈር ዓይኔን ጨፍኜ አዞርሻለሁ» ሲሉኝ ነበር።

ዓይናቸውን ገልጠውም ጠፋን። ቢጫ ግድግዳ፣ ሌላ ቢጫ ግድግዳ፣ ከዚያ ወንዙ፤ ዞረን ስንመለስ ያው ቢጫ ግድግዳ። በየበሩ የተንጠለጠሉት የሐር ፋኖሶች በሳቸው ጊዜ አልነበሩም። ሻጮቹ ደግሞ እኔን ሐበሻዋንም እሳቸውን የአገሩን ተወላጅም እኩል «ማዳም! ማዳም!» እያሉ በእንግሊዝኛ ይጠሩናል። ይሄ አናደዳቸው። ለአንዷ ወጣት በአገራቸው ቋንቋ ሲመልሱላት ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ምን አለችዎት?»

«እንደ አያቴ ነው የሚያወሩት አለችኝ» አሉ። ሊቆጡ ነበር፤ ሳቁ ቀደማቸው።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱን ሸሽተን ያገኘነው የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ገባን። ባለሱቁ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተቀበለን። አሠሪዬ ግን ሽቅብ እያዩ ደርቀው ቀሩ። ጣሪያው ላይ በሳንቃ የተከደነ ሰፊ ቀዳዳ አለ።

«ይሄ ቤታችን ነበር! ወንዙ ሲሞላ አባቴ የስፌት ማሽኑን ወደ ፎቅ የሚጎትተው በዚህ ነበር» አሉኝ።

ለባለሱቁም ነገሩት። እሱም፣ ቤቱን ከጎረቤት መጥተው የያዙት ወላጆቹ ነበሩና፣ ከጓዳ እናቱን ጠራ። አሮጊቷ አሠሪዬን ከላይ እስከ ታች አይተው አንድ ነገር ሲናገሩ፣ አሠሪዬ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው፤ ሳቃቸው ሲበርድ ነገሩኝ።

«በጎርፉ ጊዜ በጀልባ ከሚያልፉት ሻጮች ሾርባ የምንገዛው ከመስኮት ቅርጫት እያወረድን ነበር። አንድ ቀን ገመዱ ከእጄ አመለጠና ሾርባው በጀልባ የምታልፍ የጎረቤት ሙሽራ ላይ ተገለበጠ። ሙሽራዋ እኚህ ናቸው!»

ሙሽራዋ ቂም አልያዙም። አሠሪዬን እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸውና ለልጃቸው ቀሚስ እንዲሰፋላቸው አዘዙት። የስንቱን ወገብ የለኩ ሴት፣ ሲለኩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሜትሩ ብብታቸው ሥር ሲገባ ኮረኮራቸው፤ እንደ ልጅ ተፍለቀለቁ።

በማግስቱ ሰማያዊው ቀሚስ ደረሰ። አሠሪዬ ገልብጠው ስፌቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ እጅጌውን ሳብ አደረጉና ለበሱት። ከዚያ ሁላችንም ለእራት ተቀመጥን። አሮጊቷ ሳህኔን በኑድል እየሞሉ ወደ እኔ እያመለከቱ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«የማን ልጅ ናት አሉኝ። የኔ ናት አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«እንግዲያው አባቷን ነው የመሰለችው አሉ።»