ለእሷ «አቤት»፣ ለእኔ «እሂ»

የእንግሊዝኛው «አንሰር» ድሮ መማል ማለት ነበር አልሽኝ አይደል? የተከሰሰ ሰው ተነስቶ፣ ምሎ ለክሱ ሲመልስ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይኼ ግን ገባኝ። መልስ እንዲሁ ቃል አይደለም። በመልስ ምክንያት አያትሽን ልገድለው ነበር! ሳቂ፣ ግን ጻፊ።

ያን ጊዜ ኤርትራ ውስጥ፣ ገጀረት የሚባል ሰፈር ነበርን። ጣልያን የሠራው ቪላ ውስጥ ከሸዋ የመጣ የጦር መኰንን ከነሚስቱ ይኖራል፤ ከጓሮው ያሉት ሁለት ክፍሎች የእኛ ናቸው። ንጉሡ ኤርትራን ከጠቀለሉ በኋላ ሰፈሩ እንዲህ ባለ ሰው ሞልቶ ነበር። አያትሽ አናጺ ነው፤ ጓሮ ቆሞ እንጨት ሲልግ ይውላል።

ሴትየዋ ቆንጆ ናት። እኔም ያን ጊዜ አልጠላም ነበር፤ እሷ ግን አንገቷ! ጠዋት ጠዋት በረንዳ ትወጣና «ጋሼ!» ትለዋለች። በር ተጣሞባት፣ ወንበር ተወላግዶባት። እሱ መላጊያውን ይጥልና «አቤት እትዬ!» ማር የመሰለ አቤት። ድምፁ ሁሉ ይቀጥናል። ከጸጉሩ ላይ የእንጨቱን ብናኝ እያራገፈ ይሮጣል።

እኔ ስጠራውስ? «እሂ።» በቃ። ቀና እንኳ አይልም። በእኛ በትግርኛ እሂ ማለት ምን ፈለግሽ፣ ምን አለ እንደማለት ነው። ለጎረቤትም፣ ለድመትም እሂ ነው።

በዚያች አቤት እንዴት እንደቀናሁ! እዳጋ ሓሙስ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ እንኳ ጆሮዬ ላይ ትጮሃለች። ጸጸራት ሰፈር ያለችውን እህቴን ሄጄ ጠየቅኳት።

«ወንድ ልጅ ሴት ስትጠራው እንዲህ ይቀልጣል እንዴ?»

«ኣይፋልን፣ በፍጹም! ባልሽ ለይቶለታል፤ ዐይንሽን ግለጪ!»

እህት አይደለችም፣ ክብሪት ናት።

አንድ ቀን ሴትየዋ በማኪና ወጣች። እኔ በረንዳዋ ላይ ወጣሁ፤ ከዓምዱ ኋላ ተደብቄ፣ ድምፄን እንደሷ አቅጥኜ፣ በዚያው በአማርኛዋ «ጋሼ!» አልኩ።

«አቤት እትዬ! መጣሁ!»

ጸጉሩን እያራገፈ ሲሮጥ መጣ። እኔን ሲያይ ደረቀ።

«ማል» አልኩት። «ከእሷ ጋር ምንም የለኝም ብለህ ማል!»

«አብደሻል? ውረጂ፣ ሰው ያይሻል!»

«በእናትህ ማል!»

አልማለም። ክንዴን ይዞ አወረደኝና ቀስ ብሎ «በቀደም የበራቸውን ዘበኛ ስትጠራው ዘግይቶ 'ወይ' ቢላት፣ ባሏ በጥፊ ሲያጋድመው አላየሽም? አቤት የምላት ፈርቼ ነው። አንቺን አልፈራሽም፤ ለዚህ ነው እሂ የምልሽ» አለኝ።

ለሌላ ሴት ይኼ መልስ ይበቃ ነበር። እኔ ግን «እኔንም ፍራኝ!» አልኩት። «ፍራኝና አቤት በለኝ!»

እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ስጠራው ብድግ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ «አቤት እትዬ!» ምሳ አቅርቤ ተቀመጥ ካላልኩት አይቀመጥም። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። እግሬን አሞኝ ብጠራው እንኳ በር ላይ ቆሞ አቤት ነው፤ ቀረብ ብሎ ምን ሆንሽ የለም። ቤቴ ውስጥ ዘበኛ የገባ መሰለኝ። አለቀስኩ።

«በፈጠረህ አምላክ፣ እሂ በለኝ!»

«እሂ» አለና አጠገቤ ተቀምጦ እግሬን አሸልኝ።

ኋላ መኰንኑ ተዛወረ። እሱ ቀድሞ ሄደ፣ ሴትየዋ ዕቃዋን ሸክፋ ተከተለች። ሻንጣዋን የጫነላት አያትሽ ነው። በማኪናው መስኮት «ደህና ሁን ጋሼ» አለችው።

«አቤት» አላት። ሳትጠራው! ሳትጠራው እኮ ነው! ባሏ የለ፣ ሽጉጡ የለ፣ ማንን ፈርቶ?

ስጠይቀው «ለምዶብኝ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ማል አላልኩትም። ሌላውን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ በዚያች በመጨረሻዋ አቤት ግን ይኸው እስከ ዛሬ እቀናለሁ።