ጋቢ የለበሰው ሳጥን

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገና ሳይሞላ... ሰፈራችን አፍንጮ በር ላይ ከታክሲ ወረድን። እኔና ሳሚ፣ የባንዳችን ድራመር። ከናይሮቢ መመለሳችን ነበር።

እኔ ደብል ቤዝ ነው የምጫወተው። ለማታውቁት፣ ቆሞ የሚያዘው ግዙፉ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው፤ ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። እንጀራዬ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ ሐዋሳ፣ ነገ ድሬዳዋ፣ ሲቀናኝ ደግሞ ውጭ አገር። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ትልቅ የጨርቅ ቦርሳ ተሸክሜ ስወጣ ስገባ ነው። ናይሮቢ ላይ ግን ለአውሮፕላን የሚሆን ጥቁር ጠንካራ ሳጥን አግኝቼ ገዛሁ። ምነው በቀረብኝ!

ከአገር በወጣሁ ቁጥር የምፈራው አንድ ነገር ነው። እናቴን። ልቧ ደካማ ነው፣ እኔ ስወጣ ደግሞ ብቻዋን ነው የምትቀረው። እኛ ጋ መርዶ ለመንገደኛ በስልክ አይነገርም። «ሁሉም ሰላም ነው» ይሉሃል፤ ስትመለስ ነው ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰብሰብ ብለው የሚመጡት።

ከአየር ማረፊያ ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። ደገምኩ... ዝግ ነው። ተኝታ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ወደ ቤታችን የሚወስደው ቅያስ መኪና አያስገባም። ካፊያ ስለነበር ጋቢዬን አውጥቼ ሳጥኑን አለበስኩት። እኔ ከፊት፣ ሳሚ ከኋላ ይዘን፣ ሰው እንዳንቀሰቅስ አንድም ቃል ሳንተነፍስ ቀስ እያልን ወረድን። አሁን ሳስበው መልካችን ምን ይመስል እንደነበር ይገባኛል። ያኔ ግን እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበር።

ባለ ሱቁ ሙዘይን በሩን እየከፈተ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ከሩቁ ነበር የሚለክፈኝ። ያን ቀን ግን በሩን ግማሽ ላይ ተወውና ሳጥኑን አየ። ጫፉ ላይ የተለጠፈውን የአየር ማረፊያ ወረቀትም አየ።

«ከኤርፖርት ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ።»

«አላህ ያጥናችሁ።»

እግሬ ቀጥ አለ። ያጥናችሁ? ምን ሆንን? ልጠይቀው ዞር ስል ሱቁን ዘግቶ ወደ እድራችን ዳኛ ቤት እየሮጠ ነው።

ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ዳኛው ጋሽ ተካ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ከጓሮ ብቅ አሉ። ሁሉም ጋቢ ተከናንበዋል። ሰላምታ የለም። ሳጥኑን ከእጃችን ተቀበሉና አራት ሆነው ትከሻቸው ላይ አወጡት።

«አንተ ደክሞሃል። በርታ፣ ወንድ ነህ» አሉኝ ጋሽ ተካ።

«ጋሼ... እናቴስ?»

ዓይኔን አላዩም። «እናትህ ኪዳን ሄዳለች።»

በቃ። መንገደኛን ምን ብለው እንደሚያረጋጉት አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ስንቱን «ጠበል ሄዳለች» ብዬ ደጃፉ ድረስ አድርሻለሁ። ግድግዳውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እኔ ሳለቅስ ተሸካሚዎቹ አለቀሱ፤ እነሱ ሲያለቅሱ በሮች መከፈት ጀመሩ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። ሳሚ ምስኪኑ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተንሰቀሰቀ።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ግን በራችንን አልፈውታል።

ሳጥኑን ያወረዱት እትዬ አስካለ ደጅ ላይ ነው። እትዬ አስካለ ከእኛ በሁለት በር ዝቅ ብላ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። አንድ ልጅ ነው ያላት፣ ሰናይት፤ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሰናይት ከፋሲካ ወዲህ ደውላ አታውቅም።

እትዬ አስካለ በባዶ እግሯ ወጣች። አልጮኸችም። ጋቢውን አየችው፣ ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«እሷ ናት?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሳጥኑን የሰናይት አስከሬን አድርገውታል።

«አይደለችም! መሣሪያዬ ነው እትዬ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው!»

ማንም አላመነኝም። እንደ ልማዴ «እናቴ ትሙት» ብዬ ልምል ስል እናቴ ትዝ ብላኝ ተውኩት። ተንበርክኬ ቁልፎቹን ልከፍት ታገልኩ፤ አንዱ እምቢ አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ከቦኝ ይጠብቃል። በስንት መከራ ክዳኑ ተነሳ። እንጨትና ክር።

እትዬ አስካለ እጇን ሰደደች። ከአንገቱ ጀምራ እስከ ታች ዳሰሰችው። ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ሳይቀር ገልጣ አየች።

«እስቲ አስጩኸው» አለችኝ።

ወፍራሙን ክር ነካሁት። ድምፁ ቅያሱን ሞላው። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ያን የመሰለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ እንዲህ ሆነን ሳለ እናቴ ጃንጥላዋን ይዛ ከኪዳን ከተፍ አለች። ስልኳን ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አጥፍታው ኖሯል።

«በስመ አብ! ማነው የሞተው?» ስትል አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

ጋሽ ተካ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተቆጡኝ። «ሁለተኛ ይሄን ጉድ በማለዳ ይዘህ እንዳትገባ!» ልክ ናቸው። አሁን ከጉዞ ስመለስ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ አራት ሰዓት እስኪሆን እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ እያወራሁ፣ እየሳቅኩ ነው ሰፈር የምገባው።

እትዬ አስካለ ግን ደጇ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሳጥኑን ብቻ ታያለች... እኔም ሳትጠይቀኝ አስቀምጬ እከፍትላታለሁ።