አስተርጓሚው አባት

ስዌልማ ለትምህርት ወደ ኩባ ስትላክ ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። ነርስ ሆና፣ ሙሉ ሴት ሆና በአልጄሪያ በረሃ ወዳለው የምዕራብ ሰሃራ ስደተኞች ካምፕ፣ ወደ ስማራ ስትመለስ የእናቷን ቋንቋ፣ ሐሳኒያን፣ ረስታዋለች። የቀራት ስፓኒሽ ብቻ ነው።

እናቷ ደግጃ ስፓኒሽ አትሰማም። አባቷ ቡጁማ ግን ስፔኖች አገራቸውን በሚገዙበት ዘመን ግመል ጋላቢ ወታደር ስለነበር ከመኮንኖቹ ለምዷል። ስለዚህ በእናትና ልጅ መካከል ተቀምጦ ማስተርጎም ጀመረ።

የእሱ ስፓኒሽ የጦር ሰፈር ነው፤ ውሃ ሲለምን እንኳ ሰልፍ የሚያዝ ይመስላል። የእሷ የሃቫና ነው፤ የቃሉን መጨረሻ ትውጠዋለች።

«የቃሉን ጭራ የት ጥለሽው መጣሽ?» ይላታል።

«ባሕር ላይ ወደቀብኝ፣ አባዬ። አንተም ቀስ በል፣ እኔ ምልምል አይደለሁም።»

አውቶቡስን ግን ሁለቱም «ጓጓ» ይሉታል፤ ከካናሪ ደሴቶች ወደ ኩባም ወደ በረሃውም የተሻገረ ቃል ነው።

አንድ ከሰዓት ደግጃ ሻይ እየቀዳች፣ «እስቲ ጠይቃት፤ እዚያ ሆና ታስበኝ ነበር?» አለች።

አሸዋና ሙቀቱ ስዌልማን አንገሽግሿት ነበር። «መልኳም ጠፍቶብኝ ነበር በላት» አለች።

ቡጁማ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ደግጃ ብርጭቆውን አስቀምጣ የልጇን እጅ ሳመች። ስዌልማ ግራ ገባት፤ ግን አልጠየቀችም።

ሐሳኒያው ክሊኒኩ ውስጥ፣ ከሕፃናትና ከእናቶቻቸው አፍ፣ ቀስ በቀስ ተመለሰላት። አንድ ቀን እናቷ ለጎረቤት ስታወራ ሰማች፦ «ልጄ እኮ ሳትተኛ በፊት ሁልጊዜ መልኬን በዓይኗ ታመጣው ነበር። ራሷ ናት የነገረችኝ።»

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። እናቷ የግመል ወተት ስታቀርብላት፣ ጠጉሯን ስትጎነጉንላት፣ የሰረቀችውን የምትበላ መሰላት። አባቷን ወቀሰችው።

«እንዳልሽው ብነግራት ኖሮ ዛሬ በምን ዓይንሽ ታዪያት ነበር?» አላት።

በመጨረሻ፣ ቡጁማ የጠፋ ግመል ሊፈልግ በሄደበት ዕለት፣ በተሰባበረ ሐሳኒያ፣ «እማዬ፣ አባቴ የነገረሽን እኔ አላልኩም። መልክሽን ረስቼው ነበር» አለቻት።

ደግጃ የምትሰፋውን ድንኳን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ከኩባ የመጣሽ ቀን፣ ከመኪናው ስትወርዱ፣ ማንን አቅፌ እንዳለቀስኩ ታውቂያለሽ? የጎረቤታችንን የፋጢሜቱን ልጅ፣ አንቺ መስላኝ። አንቺ አጠገቧ ቆመሽ ነበር። ትከሻዬን ይዞ ወደ አንቺ ያዞረኝ አባትሽ ነው።»

ስዌልማ አለቀሰች።

«እሱ ያለኝን ግን አትውሰጂብኝ» አለች ደግጃ። «ደስ ብሎኝ ከርሟል።»

ስዌልማ እሺ አለች። ደግጃ ዛሬም ያንኑ ለጎረቤት ታወራለች፤ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።