ደረጃው ላይ የተቀመጠው ሳህን

ኤልፍነሽ በየወሩ ለሳምንት ያህል ትጠፋለች። አትላንታ አጠገብ ዲኬተር በምትባል ከተማ ባለው ትልቅ የእንጨት ቤት አብረዋት የሚኖሩት ወጣቶች ይህን ነገር ቂም አድርገው ይዘውባታል። ቢይዙባትስ ምን ይፈረዳል፣ እሷ እንደሆነች እውነተኛውን ምክንያት ትንፍሽ አትልም። በፈረንጆቹ 1987 ነው። ቤቱ ከእስራኤል፣ ከካናዳና ከዚያው ከአሜሪካ የመጡ አይሁድ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት አብረው የሚኖሩበት ነው። ቀን አረጋውያን መጦሪያ ያገለግላሉ፣ ማታ ይማራሉ፣ በተራ ያበስላሉ። የቤቱ ዋና ደንብ ደግሞ ከገበታ መቅረት የለም የሚለው ነው።

ለኤልፍነሽ መከራ የሆነባት ይኸው ደንብ ነው። የጎንደር ቤተ እስራኤል ናት፤ ሱዳን ድረስ በእግሯ ተጉዛ ከዚያ በአውሮፕላን እስራኤል ከገባች ገና ሦስት ዓመቷ። በወገኖቿ ወግ ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ የመርገም ጎጆ ትገባለች። ሰባት ቀን ሰው አይነካትም፣ እሷም የሰው ዕቃ አትነካም፣ ምግቧ ጎጆውን በከበበው ድንጋይ ላይ ይቀመጥላታል። እናቷ እስራኤል አገር አፉላ ከተማ ፎቅ ቤት ተሰጥቷት እንኳ ያን ሳምንት የምትከርመው በረንዳ ላይ ነው። ልጇን ስትሸኝም ያለቻት ይህንኑ ነበር፦ «የሚስቅብሽ ይሳቅ፣ አንቺ ብቻ ሕግሽን እንዳትጥዪ።»

እንግዲህ አትላንታ ውስጥ ጎጆ ከየት ይምጣ? የደረሱላት ወይዘሮ ዘሪቱ ናቸው። መጦሪያው ውስጥ አስታማሚ የሆኑ የጎንደር ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸውም በስደት መጥተው አሁን እዚያው አቅራቢያ ፓይን ሌክ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተዋል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሳህን ሲያቀብሏት እጇን ስትሰበስብ አዩና ምንም ሳይጠይቁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት።

«ገብቶኛል» አሏት። «እኛስ ብንሆን በዚያ ሰሞን መቼ ቤተ ክርስቲያን እንገባለን? ሽፍቴ ሲያልቅ በመኪናዬ ራይድ እሰጥሻለሁ። የጓሮዋ ክፍል ባዶ ናት።»

«እትዬ ዘሪቱ፣ እርስዎን ማስቸገር…»

«አትነዝንዢኝ ልጄ፣ ዕቃሽን ያዢና ነዪ።»

ከዚያ ወዲያ በየወሩ «አሞኛል፣ ዘመድ ጋ እከርማለሁ» እያለች መሄድ ሆነ። አንድ ቀን ታዲያ ጆሽ የሚባለው የካናዳ ልጅ የረሳችውን ቦርሳ ሊያደርስላት ፓይን ሌክ ሄደ። በሩ ሲከፈት ግድግዳው ላይ መስቀልና የማርያም ሥዕል አየ። ተመልሶም «ዘመድ የምትለው ክርስቲያን ነው። ለመሆኑ እውነት አይሁድ ናት?» ብሎ አወራ።

ይህ ቃል ጆሮዋ ደረሰ። አገራቸው ሳሉ አይሁድ ናችሁ ተብለው ተንቀዋል፤ እዚህ ደግሞ አይሁድ መሆኗን የሚጠራጠሩት የገዛ ወገኖቿ ሆኑ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ስብሰባ ተጠራ። የወር አበባዋ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት መጥቶባት ነበርና ከሰው ርቃ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የቤቱ ኃላፊ ሚሪያም ናት፣ ደግ ልጅ ናት። «ምክንያቱን ካልነገርሽን ወደ አፉላ ልንመልስሽ ነው» አለቻት እያዘነች።

ወንዶች ባሉበት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ቢሆንም ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ጎጆውንም፣ ድንጋዩንም፣ በረንዳውንም። ማንም አልሳቀም። ሚሪያም ልታቅፋት ተነሣች።

«አትንኪኝ» አለች ኤልፍነሽ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ የድሮ ነገር ነው። እዚህ ማንም አይጸየፍሽም። ተዪው።»

ከጆሽ ሐሜት ይልቅ ይህ ደግነት አቃጠላት። ኤልፍነሽ ዓመቱን ሙሉ ያልተናገረችውን ያን ጊዜ ተናገረች፦ «የእናቴ ነው። የምተወው ከሆነም እኔ እተወዋለሁ እንጂ እናንተ አታስተዉኝም። ቤዝመንቱን ስጡኝ። ተራዬን በሌላው ሳምንት እጥፍ አድርጌ አበስላለሁ።»

«ከገበታ መቅረት የለም ተባብለን ነበር» አለ ጆሽና ወጥቶ ሄደ። ሚሪያምም ወደ ኩሽና ሄደች።

ኤልፍነሽ ይመልሱኛል ብላ ልብሷን ይዛ ሰው ወደማይገባበት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ወርዳ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። ለእናቷ የምትለውን እያሰበች አንድ በአንድ ታጣጥፍ ነበር። አመሻሹ ላይ ደረጃው ሲንቋቋ ሰማች። ሚሪያም ናት። ሳህኑን አላቀበለቻትም፤ የታችኛው ደረጃ ላይ አስቀመጠችውና ጥቂት ደረጃ ወደ ላይ ተመለሰች።

ኤልፍነሽ ድሮ ጎጆዋ ሆና ታደርግ እንደነበረው እስክትሄድላት ጠበቀች። ሚሪያም ግን አልሄደችም። የራሷን ሳህን ይዛ ነበር፤ ከፍ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች። ቆይተው ሌሎቹም ሳህን ሳህናቸውን ይዘው ከሚሪያም በላይ ባሉት ደረጃዎች ተደረደሩ። ጆሽ አልመጣም።

ኤልፍነሽ እንጀራ ባይሆንም የቀረበላትን ዳቦ ቆረሰችና ቀና ብላ አየቻቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ሳምንት አብሯት የበላ ሰው የለም። እናቷ እንኳ አስቀምጣላት ትሄድ ነበር።