ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ሰሜን

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሜን ነው ብዬ ያስተማርኩት አቅጣጫ ሰሜን እንዳልሆነ ዛሬ አወቅኩ።

ዲላ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላብራቶሪያችን ግድግዳ ላይ ቀይ ቀስት አለ። ኮምፓስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ መርፌውን ተከትዬ የሳልኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ መካ ከእኛ በስተሰሜን ነው። አባዬ ሱቅ ውስጥ ሲሰግድ ግን በዚህ ቀስት በኩል አይዞርም።"

"ኮምፓስ አይዋሽም" ብዬ አስቀመጥኳት። ክፍሉ ሳቀባት፤ እኔም አላስቆምኩም።

ዛሬ የመሬትን ማግኔታዊ መስክ በስልኬ ሴንሰር ልንለካ ገባን። ቀድሞ ውጭ ሜዳው ላይ ሠላሳ ስድስት ማይክሮቴስላ ያነበበው ስልክ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ከአራት መቶ አለፈ። ተበላሸ ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

ሰሚራ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ስር ያለውን ቁምሳጥን ከፈተች። ለወላጆች ቀን ብቻ የሚወጣው የትምህርት ቤቱ ሞንታርቦ እዚያ ተቀምጧል። ድምፅ ማጉያ ሆዱ ውስጥ ትልቅ ማግኔት እንዳለው ደግሞ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ኮምፓሱን ሜዳ ላይ ስናወጣው መርፌው ቀስቴን ትቶ ሌላ አቅጣጫ ያዘ።

ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት።

"ችግር የለውም ቲቸር" አለች። "ግን ያሉትን ለአባዬ ነግሬው፣ መምህር ካለማ ብሎ መስገጃውን በቀስቱ በኩል አዙሮታል።"

አሁን ሱቃቸው ፊት ለፊት ቆሜ ነው የምጽፈው። መምህራን፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ከሆነ ወሬውን ከምን እንደጀመራችሁ ቶሎ ጻፉልኝ። አባቷ አይተውኝ ወንበር እያወጡልኝ ነው።